«የጠፈር ቆሻሻ» የሚለው ሥያሜ ሲመረመር

በምድር ዙሪያ የሚሽከረከሩ፣ ከአገልግሎት የወጡ ሳተላይቶች፣ ተግባራቸውን የጨረሱ የሮኬት አካላትና የእነዚህ ሁሉ ስብርባሪ በአማርኛ ምን ይባሉ? በዜና ማሰራጫዎች፣ በመማሪያ ጽሑፎችና በትርጉም ሥራዎች የምናገኘው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ «የጠፈር ቆሻሻ» ይላል፤ ሌላው «የሕዋ ፍርስራሽ» ይላል፤ ሦስተኛው «የጠፈር ስብርባሪ» ይላል፤ «ውዳቂ» የሚለውን የሚመርጡም አይጠፉም። እነዚህን ነገሮች ከምሕዋራቸው ለማንሣት የሚደረገው ልዩ ልዩ ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ ባንድ ግስ ብቻ ይጠራል፤ «ማጽዳት» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ሥያሜዎቹን አንድ በአንድ መርምረን፣ የትኛው ለሙያ ቃልነት እንደሚበቃና የትኛው ለዕለት ንግግር ብቻ ሊተው እንደሚገባ ያለንን አስተያየት እናቀርባለን።

1. ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

ነገሩ የሩቅ አገር ሰዎች ችግር ስለሆነ ስሙም የእነርሱ ጭንቀት ነው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ይህ አስተያየት ግን ጊዜው ያለፈበት ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ የመሬት ምልከታ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ወደ ምሕዋር መጥቃለች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ ምሕዋሯም ከምድር በላይ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሁለተኛዋ ደግሞ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ተከትላታለች። የመጀመሪያዋ ስትሠራ የታሰበላት የአገልግሎት ዘመን ሁለት ዓመት ነበር፤ ያም ዘመን ካለፈ ቆይቷል። በዚያ ከፍታ የሚገኝ አካል የሚያወርደው ኃይል ካልተጨመረለት በስተቀር በራሱ ጊዜ ወደ ከባቢ አየር እስኪመለስ ድረስ ዐሥርት ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። እንግዲህ ኢትዮጵያም በምሕዋር ላይ ንብረት ያላት፣ የንብረቷንም ፍጻሜ በራሷ ቋንቋ መናገር የሚገባት አገር ሆናለች።

ከላይ ያለው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ከላይ አይቀርም። ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎረቤታችን በኬንያ፣ በማኩዌኒ አውራጃ ሙኩኩ በተባለ መንደር፣ ስፋቱ 2.5 ሜትር፣ ክብደቱም 500 ኪሎ ግራም ያህል የሆነ የብረት ቀለበት ከሰማይ ወድቋል። የኬንያ የጠፈር ድርጅት ቀለበቱ ከሮኬት የተለየ አካል እንደሚመስል በወቅቱ ገልጿል። እንዲህ ያለ ነገር ነገ በእኛ ገበሬ ማሳ ላይ ቢያርፍ፣ የአካባቢው አስተዳደር የሚጽፈው ደብዳቤ፣ ጋዜጣው የሚያትመው ዜናና የሕግ ባለሙያው የሚያቀርበው አቤቱታ ስለ አንድ ነገር ይናገሩ ዘንድ አንድ ስም ያስፈልጋቸዋል።

2. ጽንሰ ሐሳቡ

ቃል ከመምረጥ በፊት ነገሩን ለይቶ ማወቅ ይቀድማል። የልዩ ልዩ አገሮች የጠፈር ድርጅቶች በጋራ የሚሠሩበት ኮሚቴም ሆነ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የተቀበለው መመሪያ ለነገሩ የሰጡት ፍቺ ሦስት መለያዎች አሉት። አንደኛ፣ ነገሩ ሰው ሠራሽ ነው፤ የተፈጥሮ ድንጋይና አቧራ ከዚህ አይቈጠርም። ሁለተኛ፣ በምድር ምሕዋር ላይ የሚገኝ ወይም ከምሕዋር ወደ ከባቢ አየር የሚመለስ ነው። ሦስተኛ፣ አገልግሎት የማይሰጥ ነው። ፍቺው ሙሉውን አካልም ቁራጩንም ያጠቃልላል።

ከዚህ ፍቺ ውስጥ የሌለውንም ማስተዋል ያስፈልጋል። ነገሩ የተሰበረ መሆን አለበት አይልም፤ የቈሸሸ ነው አይልም፤ የወደቀ ነው አይልም፤ ባለቤት የለውም አይልም። እኛ በምንመርጠው ቃል አማካይነት ከእነዚህ አንዱን ብንጨምርበት ፍቺውን ለወጥነው ማለት ነው።

የነገሩ ክብደትም ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ቻይና ፌንግዩን 1ሲ የተባለውን የራሷን አሮጌ የአየር ጠባይ ሳተላይት በሚሳይል መትታ ከ3,000 የሚበልጡ በመሣሪያ ሊከታተሏቸው የሚቻሉ ቁራጮች ተፈጠሩ። እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 2009 ደግሞ ኮስሞስ 2251 የተባለው ከአገልግሎት የወጣ የሩስያ ሳተላይትና ኢሪዲየም 33 የተባለው በሥራ ላይ የነበረ የአሜሪካ ሳተላይት 790 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተጋጭተው ሁለቱም ተበታተኑ። በዚያ ከፍታ አንድ አካል በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር፣ የጣት ጫፍ የምታህል ብረት እንኳ ሳተላይትን ከጥቅም ውጭ ታደርጋለች። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው ከ1 ሳንቲ ሜትር የሚበልጡት ቁራጮች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው።

3. ሥያሜዎቹ በተራ

ሀ. ቆሻሻ። ይህ ቃል በሕዝብ ዘንድ ፈጥኖ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አጭርና ለሁሉም የተገለጠ ነው። በሌሎች ቋንቋዎችም መሰሉ አለ፤ ሩስያኛ ነገሩን «ሙሶር» ሲለው፣ ጀርመንኛም «ሙል» ሲለው ሁለቱም ጥራጊና ቆሻሻ ማለታቸው ነው። ስለዚህ ቃሉን የመረጡ ጸሐፊዎች ያለ አብነት አልሄዱም። ይሁን እንጂ ቆሻሻ በአማርኛ ውስጥ ያለው ጠባይ ለዚህ ሥራ እንዳይመች የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው፣ ቆሻሻ የክምችት ስም በመሆኑ በቁጥር ለመለየት የማይመች መሆኑ ነው። «አንድ ጆንያ ቆሻሻ» እንላለን እንጂ «አንድ ቆሻሻ፣ ሁለት ቆሻሻ» አንልም፤ «ቆሻሻዎች» ስንልም ብዙውን ጊዜ ዓይነቱን ማለታችን ነው። በምሕዋር ያሉት አካላት ግን አንድ በአንድ ይቈጠራሉ፤ ለእያንዳንዳቸው የመዝገብ ቁጥር ይሰጣል፤ የእያንዳንዳቸው መንገድ ለብቻው ይሰላል። የማይቈጠር ስም ለሚቈጠር ነገር ሲሰጥ ተርጓሚው በየዐረፍተ ነገሩ «የቆሻሻ ቁራጭ»፣ «የቆሻሻ አካል» እያለ መጠገኛ ለመፈለግ ይገደዳል።

ሁለተኛው፣ ቆሻሻ ስምም ቅጽልም መሆኑ ነው። «ቆሻሻ ልብስ» ስንል ታጥቦ የሚለበሰውን ማለታችን ነው፤ እድፉ ይወገዳል፣ ልብሱ ይቀራል። በዚህ ስሌት «የጠፈር ቆሻሻን ማጽዳት» የሚለው ሐረግ የሚጸዳው ጠፈሩ ይሁን ሳተላይቱ በግልጽ አይለይም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በእኛ ልማድ ቆሻሻ ማለት ባለቤቱ ትቶት የጣለው ነገር ነው፤ ያነሣው ሰው ይመሰገናል እንጂ አይጠየቅም። በጠፈር ሕግ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የተፈረመው የጠፈር ስምምነት በ8ኛው አንቀጹ፣ ወደ ጠፈር የተላከ ዕቃም ሆነ ክፍሎቹ በባለቤታቸው ንብረትነት እንደሚጸኑ ይደነግጋል። ሳተላይቱ ቢሞትም ቢሰበርም የሌላ አገር ድርጅት ያለ ፈቃድ ሊያነሣው አይገባውም። ከንብረትነት ጋር ኀላፊነትም ይከተላል። እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 1978 ኮስሞስ 954 የተባለችው በኑክሌር ኃይል የምትሠራ የሶቭየት ሳተላይት በካናዳ ሰሜናዊ ምድር ላይ ተበታትና በወደቀች ጊዜ፣ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን የጉዳት ኀላፊነት ስምምነት ጭምር ጠቅሳ ካሣ ጠየቀች፤ ሶቭየት ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1981 ሦስት ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለመክፈል ተስማማች። በአንድ ወገን ባለቤት የለውም የሚል ስም ሰጥቶ፣ በሌላ ወገን ባለቤቱን ካሣ መጠየቅ የሕግን አማርኛ የሚያዳክም ነው።

ለ. ፍርስራሽ። የቃሉ መነሻ ፈረሰ ነው። የሚፈርሰው የተገነባው ነው፤ ፍርስራሹም በፈረሰበት ቦታ ተከምሮ ይታያል። ቤት፣ ግንብ፣ ከተማ ፍርስራሽ አላቸው። ምሕዋር ላይ ያለው ነገር ግን አይከመርም፣ በአንድ ቦታም አይቈይም፤ ይበራል። አደጋውም የሚመጣው ከመብረሩ ነው። ስለዚህ ፍርስራሽ በአንባቢ ዓይነ ኅሊና ውስጥ የሚሥለው ሥዕል ነገሩን የሚያረጋ ሥዕል ነው።

ሐ. ስብርባሪ። ከቀረቡት ሁሉ ለጥንቃቄ የቀረበው ይህ ነው። አማርኛ አንድ ድርጊት ትቶት የሚሄደውን ነገር የሚሰይምበት የታወቀ የቃል ቅርጽ አለው፤ ከሰበረ ስባሪ፣ ከጠረገ ጥራጊ፣ ከሸረፈ ሽራፊ፣ ከተረፈ ትራፊ፣ ከቈረጠ ቁራጭ፣ ከፈነከተ ፍንካች ይወጣል። ስብርባሪም የዚህ ዘር ሲሆን፣ የፊደላቱ መደጋገም ብዛትንና ደቃቅነትን ይጨምርበታል። የፈረንሳይኛው «ደብሪ»፣ የዐረብኛው «ሑጣም»፣ የቻይንኛው «ስዊፒየን» ሁሉም ከመሰበር ሐሳብ የተነሡ ስለሆኑ ስብርባሪ ከእነርሱ ጋር ይስማማል። ጉድለቱ ጠባብ መሆኑ ነው። የአውሮፓው ኤንቪሳት እ.ኤ.አ. በ2002 መጥቆ በሚያዝያ 2012 ድንገት ድምፁ የጠፋ፣ ክብደቱ 8 ቶን የሚደርስ ሳተላይት ነው። እስካሁን ሙሉ አካል ሆኖ ይዞራል። ይህን ስብርባሪ ብሎ መጥራት ያልተሰበረውን ተሰበረ ማለት ነው፤ ዋናው ሥጋትም ወደ ፊት ይሰበር ይሆናል የሚለው ስለሆነ፣ ሁለቱን የማይለይ ቃል ሥጋቱን ለመናገር አያስችልም።

መ. ውዳቂ። ይህም የዚያው ቅርጽ ቃል ነው፤ ነገር ግን የቃሉ ሥር ወደቀ ነው። በምሕዋር ላይ ያለው ነገር ችግር የሆነው ባለመውደቁ ነው። በተጨማሪም ውዳቂ ለሰው ሲነገር ስድብ ስለሆነ በጽሑፍ ውስጥ ያልተፈለገ ቃና ይዞ ይመጣል። ቢሆንም ቃሉን ፈጽሞ መጣል አይገባም። በማኩዌኒ እንደ ታየው ቀለበት ያለውን፣ ምድር የደረሰውን ነገር ብቻ «ከጠፈር የወደቀ አካል» ብለን ብንጠራው ከዚያው ሥር ተገቢውን ጥቅም እናገኛለን።

ሠ. ቅሪት። እኛ የምንደግፈው ይህን ቃል ነው። ከቀረ የወጣ ስለሆነ፣ ተግባሩ ካበቃ በኋላ የቀረውን ሁሉ፣ ሙሉም ይሁን ቁራጭ፣ ይይዛል። ስለ ንጽሕናም ሆነ ስለ ባለቤትነት የሚፈርደው ነገር የለም። በሳይንስ አማርኛም እንግዳ አይደለም፤ «ቅሪተ አካል» የሚለውን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህ ላይ አንድ መሠናክል አለ። በ«ቅሪተ አካል» አምሳል «ቅሪተ ምሕዋር» ብንል የዘርፉ ግንኙነት ይፋለሳል። ቅሪተ አካል ማለት ከአካሉ የቀረው ነው፤ በዚያው መንገድ ቅሪተ ምሕዋር ከምሕዋሩ የቀረው ተብሎ ሊተረጐም ነው። የግእዙ ዘርፍ እንዲህ ያለውን የመከፈል ትርጉም አጥብቆ ሲያሳይ፣ የአማርኛው «የ» ግን ቦታንም በቀላሉ ያሳያል፤ «የዱር እንስሳ» ስንል በዱር የሚኖረውን እንጂ ከዱር የተከፈለውን ማንም አይረዳም። ስለዚህ «የምሕዋር ቅሪት» የሚለውን የአማርኛ አገባብ እንመርጣለን። «የጠፈር» ያላልነውም ሆን ብለን ነው። ጠፈር ከኦሪት ጀምሮ የላይኛውን ሰማይ የሚያመለክት ሰፊ ቃል ነው። ምሕዋር ግን ሖረ ከሚለው የግእዝ ግስ ወጥቶ በሳይንስ አማርኛ ውስጥ በአንድ ትርጉም የጸና በመሆኑ፣ የፍቺውን ሁለተኛ መለያ በትክክል ይገልጣል።

4. «ማጽዳት» እና ሌሎቹ ግሶች

ስሙ ተስተካክሎ ግሱ እንደ ነበረ ቢቀር ሥራው ከግማሽ በታች ነው። ለዚህ ምስክር የምንጠራው የገጠሩን አማርኛ ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በእናርጅ እናውጋ ወረዳ የምትገኘውን ደብረ ወርቅን እንውሰድ። ከተማይቱ በማርያም ደብሯና በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች ስትሆን፣ አካባቢዋ እንደ ቢቸናና እንደ ሞጣ ሁሉ የጤፍ አገር ነው። በዚያ አገር እህል ከአውድማ እስከ ምጣድ የሚጸዳው ባንድ ግስ አይደለም። በአውድማ ላይ ነፋስ ጠብቀው ያነፍሱታል፤ በሰፌድ ያበጥሩታል፤ አፈርና ጠጠሩን ለመለየት ያንገዋልሉታል፤ በወንፊት ይነፉታል፤ በመጨረሻም እንክርዳዱን በጣት ይለቅሙታል። እያንዳንዱ ግስ የተለየ መሣሪያ፣ የተለየ ኃይልና የተለየ ባዕድ ነገር አለው። «አንፍሺው» የተባለች ልጅ ብትለቅመው አልታዘዘችም ማለት ነው። እህልን በዚህ መጠን ለይቶ የሚያጸዳ ቋንቋ፣ ምሕዋርን ለማጽዳት አንድ ግስ ብቻ ይዞ መቅረቱ የቋንቋው ድህነት ሳይሆን የተርጓሚዎቹ መቻኰል ነው።

ሥራዎቹም በእርግጥ የተለያዩ ናቸው። እኛ በአምስት እንከፍላቸዋለን።

የመጀመሪያው መከላከል ነው። ሳተላይት ወይም ሮኬት ሥራውን ሲጨርስ በውስጡ የቀረው ነዳጅና የባትሪው ኃይል እንዲወጣ ይደረጋል፤ ካልሆነ ከጊዜ በኋላ ይፈነዳል። ይህን «ማዳከም» ወይም «ማጥፋት» ማለት አይበቃም። አማርኛ «ፈንጂ አመከነ» በሚለው ንግግር ውስጥ ትክክለኛውን ግስ ይዞ ይጠብቀናል፤ «ማምከን» ይባል።

ሁለተኛው ማውረድ ነው። ሳተላይቱ በራሱ ነዳጅ ከፍታውን ቀንሶ በከባቢ አየር ውስጥ እንዲቃጠል ይደረጋል፤ ወይም ሰፊ ሸራ ይዘረጋና ቀጭኑ አየር እየያዘ ያዘገየዋል። ከዚህ ላይ የደብረ ወርቅ መምህር ለተማሪዎቹ ከአውድማው የተሻለ ምሳሌ አያገኝም። በነፋስ ጊዜ ገለባው ቀድሞ የሚሄደው፣ ፍሬውም የሚቀረው፣ ገለባው ለክብደቱ ሰፊ ገጽ ስላለው ነው። በምሕዋርም እንዲሁ ለክብደቱ ሰፊ ገጽ ያለው አካል ቀድሞ ይወርዳል፤ ሸራው የሚዘረጋውም ከባዱን አካል ገለባ ለማስመሰል ነው። ይህ ግን የማስተማሪያ ምሳሌ ሆኖ ይቀመጥ እንጂ «ማንፈስ» የሙያ ቃል ይሁን አንልም፤ ነፋስ በሌለበት ነፋስ ማስገባት ይሆናልና።

ሦስተኛው ወደ ሌላ ምሕዋር መውሰድ ነው። 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያሉት የመገናኛ ሳተላይቶች ወደ ምድር ለመመለስ እጅግ ስለሚርቁ፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ተደርገው ይተዋሉ። ይህን ስፍራ «የመቃብር ምሕዋር» ብሎ መተርጐም የባዕዱን ቋንቋ ዘይቤ ቃል በቃል ማምጣት ነው። በእኛ ዘንድ መቃብር ማረፊያ ነው፤ በዚያ ስፍራ ያለው አካል ግን አላረፈም፣ ይዞራል፣ ሊጋጭም ይችላል። «የማግለያ ምሕዋር» ቢባል የተደረገውን ብቻ ይናገራል።

አራተኛው፣ ሌላ መንኰራኵር ልኮ ቅሪቱን መያዝና ማውረድ ነው። ለዚህ «ጠረጋ» የሚሉ አሉ። ጠረጋ ግን ባንድ እንቅስቃሴ ብዙውን መግፋትን ያሳያል፤ ይህ ሥራ ደግሞ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄድ፣ ትዕግሥትና ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የአውሮፓ የሙከራ ሳተላይት ራሷ በለቀቀችው ዒላማ ላይ መረብ ጣለች፤ በ2019 ደግሞ ገመድ የታሰረበት ጦር ወርውራ የተዘጋጀላትን ሰሌዳ ወጋች። በ2021 የጃፓኑ አስትሮስኬል ዒላማን በማግኔት መያዝን ሞከረ። በጥር 2022 የቻይናዋ ሺጂያን 21 አንድ ከአገልግሎት የወጣ ሳተላይት ጎትታ ወደ ማግለያ ምሕዋር ወሰደች። በ2024 ሌላዋ የአስትሮስኬል መንኰራኵር ወደ አንድ የጃፓን ሮኬት ቅሪት ቀርባ እስከ 15 ሜትር ድረስ ደረሰች። በእያንዳንዱ ጊዜ የታሰበው አንድ አካል ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ስም «ለቀማ» ነው። ለቀማ እንደ ቡና ያለውን ጠቃሚ ነገር ለመውሰድ የሚነገር ነው የሚል ተቃውሞ ሊመጣ ይችላል፤ ሆኖም እንክርዳድም ይለቀማል። ቃሉ ስለ ተለቃሚው ዋጋ አይፈርድም፤ ስለ አለቃቀሙ ብቻ ይናገራል።

አምስተኛው የሌዘር ጨረር ነው። ስለዚህ ሲጻፍ «በሌዘር ማቃጠል» ወይም «ማፈንዳት» ማለት ከስሕተት ላይ ይጥላል። የሐሳቡ አመንጪዎች ያሰቡት ጨረሩ ከአካሉ ገጽ ላይ እጅግ ጥቂቱን ወደ ትነት እንዲለውጥና ትነቱ በሚሰጠው ግፊት አካሉ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ነው። ቢፈነዳማ አንዱ ቅሪት ሺህ ስብርባሪ በሆነ ነበር። «በጨረር መግፋት» ቢባል ይበቃል።

5. ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን በአጭሩ እናሰፍራለን።

የምሕዋር ቅሪት፦ በምድር ምሕዋር ያለ ወይም ከዚያ የሚመለስ፣ አገልግሎት የማይሰጥ ሰው ሠራሽ አካል፤ ሙሉም ቁራጭም።
ስብርባሪ፦ ከፍንዳታ ወይም ከግጭት የተገኘ የምሕዋር ቅሪት ብቻ።
ከአገልግሎት የወጣ ሳተላይት፦ ያልተሰበረ፣ ሥራውን ያቆመ ሳተላይት።
ከጠፈር የወደቀ አካል፦ ምድር ላይ የደረሰ ቅሪት።
ማምከን፦ የቀረ ነዳጅንና ኃይልን አውጥቶ ፍንዳታን መከላከል።
ማውረድ፦ ከፍታን ቀንሶ ወደ ከባቢ አየር ማስገባት።
ማግለል፦ ወደማይሠራበት ምሕዋር ወስዶ መተው።
ለቀማ፦ በሌላ መንኰራኵር አማካይነት ቅሪቶችን አንድ በአንድ ይዞ ማንሣት።
በጨረር መግፋት፦ በሌዘር ኃይል የቅሪትን ፍጥነት መለወጥ።
ማስወገድ፦ ከማውረድ እስከ በጨረር መግፋት ለተዘረዘሩት ሁሉ የወል ስም።

«የጠፈር ቆሻሻ» ከሕዝብ አፍ ይውጣ አንልም፤ አይወጣምም። መንኰራኵር የሠረገላ እግር ከመሆን ተነሥቶ የጠፈር መጓጓዣ የሆነው በሕዝብ አጠቃቀም ነው፤ ሕዝቡ ነገ ቆሻሻንም ሌላ ትርጉም ይሰጠው ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ግን ሕግ የሚያረቅ፣ ስምምነት የሚተረጉምና መማሪያ የሚያዘጋጅ ሰው ባለቤት ያለውን ነገር ባለቤት እንደሌለው አድርጎ እንዳይጽፍ እንጠነቀቅ። አንባቢያን በተለይም በሕግና በጠፈር ሳይንስ ትርጉም ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች በእነዚህ ቃላት ተጠቅመው ያገኙትን ችግር ቢጽፉልን፣ ዝርዝሩ በሚቀጥለው ጊዜ ተሻሽሎ የሚወጣው በእነርሱ ማስረጃ ይሆናል።